በመሪጌታ ስልክ ላይ የወጣው የእኔ ጢም

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። በሉኝ! ከእውነቱ ይልቅ ውሸታም መባል ይሻለኛል።

ይሄን የምጽፍላችሁ ሮብ ገበያ፣ መንገድ ዳር ባቆምኩት የተውሶ ፒክአፕ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቼ እዚያ ማዶ ሻይ ቤት ገብተዋል። እኔን አልጠሩኝም።

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። የፊደል ስህተት ካያችሁ በዚህ ያዙልኝ።

ለማታውቁኝ፣ ደሳለኝ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ የአይሲቲ መምህር ነኝ። አዎ፣ ኮምፒውተር! «ፓስወርዳችሁን ለማንም አትስጡ» እያልኩ በየዓመቱ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጮኸው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ከስልኩ ልጀምር።

ዘንድሮ ስልክ ቀየርኩ። የገዛሁት ከጌች ሞባይል ቤት ነው። ማርቆስ ውስጥ እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ከጌች ነው የሚገዛው። ጌች ስልኩን አሽጎ አይሰጣችሁም፤ አሰናድቶ ነው የሚሰጣችሁ። ኢሜይል ያስገባላችኋል፣ አፕ ይጭንላችኋል፣ መዝሙር ይሞላላችኋል፣ ስክሪኑ ላይ ሰርች የምታደርጉበትን ሳጥን ይደቅንላችኋል። አለቀ። እናንተ ይዛችሁ መውጣት ብቻ።

«ጌች፣ ይሄ ሳጥን የማን ነው? ሌላ የለም ወይ? ኢሜይሉስ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

ማንም። እኔም አልጠየቅኩም። ክፍል ውስጥ «ሰርች ኢንጂን መምረጥ የእናንተ መብት ነው፤ ሴቲንግ ገብታችሁ መቀየር ትችላላችሁ» ብዬ አስጽፋለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ። የራሴን ሴቲንግ ግን ከፍቼው አላውቅም። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ ጌች «አለቀልህ መምህር!» አለኝ፣ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ እኔ ጭንቀታም ነኝ።

ሰው ፊት አይታወቅብኝም። «ኧረ ምንም አይደል» ባይ ነኝ። ሰው ዘወር ሲልልኝ ግን ስልኬን አውጥቼ ሳጥኑን እጠይቃለሁ። ሆዴ ካጉረመረመ እጠይቃለሁ። ልቤ ፈጠን ብሎ ከመታ እጠይቃለሁ። አይስቅብኝ፣ አይመክረኝ፣ ወሬ አያወጣ። ከሳጥን የተሻለ ምስጢረኛ ከየት ይገኛል?

ወይ እኔ!

ሦስተኛዋ ብርቱካን ናት። ብርቱካን እዚሁ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማርቆስ ስትወርድ እንገናኛለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። አባቷ መሪጌታ አንለይ ናቸው፤ ቅኔም ዜማም ያስተምራሉ፣ አገር ያከብራቸዋል። ከሩቅ ካልሆነ አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው ደግሞ እኔን ጭራሽ አያውቁኝም።

ሽማግሌ ልላክ ብዬ ስነሳ ጭንቀቴ ለከት አጣ። ያኔ ሳጥኑን የጠየቅኩትን ሁሉ አሁን አልነግራችሁም። ይነበብላችኋል። ለእኔም ተነቦልኛል።

በዚያው ሰሞን ብርቱካንን ጉንፋን አልለቃት አለ። «አባባ ምን እንደነካቸው እንጃ፤ በየጠዋቱ ጠበል ይወስዱኛል» አለችኝ። «ለምን ስላቸው ዓይናቸው እንባ ያቀርና ዝም ይላሉ።» የዚህን አገር ጠዋት ታውቁታላችሁ አይደል? ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ? በዚያ ላይ ጠበል!

እኔ ምን አደረግኩላት? ሳጥኑን «ጉንፋን ቶሎ የሚያድን ምንድን ነው» ብዬ ጠየቅኩላት። ምን የመሰልኩ አሳቢ ሰው!

እሺ፣ ወደ ዛሬ።

ሽማግሌዎቹን ይዞ ሊሄድ የነበረው ጓደኛዬ ማለዳ ደውሎ «ወገቤን ይዞኛል፤ መኪናውን ውሰድና ሹፌር ፈልግ» አለኝ። በእሑድ ማለዳ ሹፌር ከየት ይምጣ? ብደውል ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ።

የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ አጎቴ ጋሼ ውበቱ ናቸው። ሲሰሙ አበዱ። «ሽማግሌውን አሳፍሮ የሚነዳ ሙሽራ የት አገር አይተሃል? ነውር ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጅ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ተከትሎ አይሄድም። ግን የተቀጠረ ቀን አይታለፍም። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ ሹፌር ነኝ። ኮፍያ አደርጋለሁ፣ ከመኪና አልወርድም፣ አፌን አልከፍትም።

ማንም እንዳያውቅባችሁ ተደብቃችሁ የምትገቡበት ሞድ አለ አይደል፣ ኢንኮግኒቶ? እሱን ሆንኩ!

ሮብ ገበያ ስንደርስ ጉሙ መሬት ወርዷል፣ ካፊያ ያካፋል። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ መስታወቱን ዘግቼ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩ። ልክ በዚያች ደቂቃ የብርቱካን እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

«ኧረ በሥላሴ! ሹፌሩን በዚህ ብርድ ደጅ ጥለውት ገቡ? ና ግባ ልጄ!»

«ይቅርብኝ እማማ፣ መኪና ልጠብቅ።»

«ማን ይወስደዋል መኪናውን? ና ስልህ!»

ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። በጎጃም ምድር ሹፌር ደጅ አስቀምጦ እንግዳ የሚያበላ ቤት የታለና! እኔ የዚሁ አገር ልጅ ሆኜ ኮፍያ ሳስብ ይሄን አላሰብኩትም።

በሩ ጥግ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼ ውበቱ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ ገና «ተቀመጡ» ስላልተባሉ ቆመዋል። መሪጌታ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከኋላቸው መጋረጃ አለ። ብርቱካን ከዚያ ጀርባ እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ታስነጥሳለች።

ጋሼ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔታ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል። ልጃችን የተማረ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጤናማ ነው። ደግሞ ቆራጥ ነው! አንድ ነገር አንዴ ከያዘ አያወላውልም። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም!»

ሆዴ አጉረመረመ። ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ።

መሪጌታ ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ለሽማግሌ አይዋሽም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ልሰጣችሁ አልችልም። ልጄ ታማብኛለች።»

ታማለች? ትናንት ቅዳሜ እኮ አብረን ነበርን!

«እኔ ሳላይ ስልኬን ትነካለች። ነክታም ሰው የማይጠይቀውን ትጠይቀዋለች። አፍሬ ለእናቷም አልነገርሁ፣ ለራሷም አላነሳሁባት። ለእናንተ ግን ላሳያችሁ ግድ ነው።»

ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡ።

የእኔን ስልክ! ማለቴ፣ የእኔ ዓይነት። ጌች ለሁሉም የሚያለብሰው ሰማያዊ ከቨር ሳይቀር።

ሳጥኑን ነኩትና ከሥሩ የተደረደረውን ማንበብ ጀመሩ። አነባበባቸውን ልንገራችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዱሳት መጻሕፍት ያነበቡ ሰው ናቸው። ከአፋቸው የሚወጣ ንባብ ሁሉ በዜማ ነው።

«ሲጨንቅ… ሆድ የሚያጉረመርመው… ስለምንድን ነውውው…»

እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ለካ እንደኔ የሚያደርገው ሌላም ሰው አለ!

«ማንኮራፋት… ትዳር ያፈርሳል ወይይይ…»

እሱም እንደኔ። ደስታዬ ቀነሰ።

«ለማግባት ዝግጁ መሆን… በምን ይታወቃል…»

ላብ አጠመቀኝ።

«ከሠርግ በፊት… ልቡ ቀጥ ብሎ የሞተ ሰው… አለ ወይ…»

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፤ የእኔው ግን ከምር ነበር።

መሪጌታ ቆም አሉ። «ይሄን ሁሉስ ችየው ነበር። የሚቀጥለውን ሳይ ነው ወገቤ የተቆረጠው» አሉ።

«ጢም… ቶሎ እንዲያበቅል… ምን ይቀባልልል…»

«ጢም!» አሉ እናትየው ደረታቸውን መትተው። «ልጄ ጢም አማራት?»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም። እኔ እጄን ሳላውቀው አገጬ ላይ አግኝቼዋለሁ። በአካል የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ ያለው ነገር ጢም ለመባል ብዙ ይቀረዋል።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር ፍንትው ያለልኝ።

ጌች! ለእያንዳንዱ ሰው ኢሜይል መክፈት ሰልችቶት፣ በዚያ ሰሞን የገዛነውን ሁሉ በአንድ ኢሜይል አስገብቶናል! እኔ ሳጥኑ ላይ የጻፍኩት መሪጌታ ጋ ይወጣል። እሳቸው የጻፉት ደግሞ…

ደግሞ እኔ ጋ!

ለካ ሰሞኑን ሳጥኔን ስነካ ከሥሩ እንግዳ እንግዳ ጥያቄ ይመጣ ነበር። «የበሬ ሳል በምን ይድናል።» እሺ፣ እሱ የሌላ ሰው ይሆናል። «በስልክ የሚገባ መንፈስ አለ ወይ።» «ሴት ልጅ ጢም ብትመኝ ትርጉሙ ምንድን ነው።» «ልጅን ሳያስከፉ መጠየቅ እንዴት ይቻላል።» እኔ ስልኩ ራሱ የሚያቀርበው ማስታወቂያ መስሎኝ! ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አንብቤላቸው አብረን ስቀንበታል።

የአንድ አባት ጭንቀት ነበር።

መሪጌታ ቀጠሉ። «እንግዲህ ሥራዋን አስትቸ ራቅ ያለ ጠበል ልወስዳት ነው። እስክትድን እዚያው ትቆያለች። በሽተኛ ልጅ ለሰው ሰጥቸ ኃጢአት አልገባም።»

ሥራዋን! ብርቱካን ያንን ሥራ እንዴት እንደምትወደው እኔ ነኝ የማውቀው። ሌሊት ያዋለደቻትን ሴትዮ ታሪክ ስትነግረኝ ሻይዋ ይቀዘቅዛል። በእኔ ጢም ምክንያት ልታጣው ነው!

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ሹፌር ነኝ። ብናገር ግን ሽማግሌ ተከትሎ የመጣው ነውረኛ፣ ጋሼ ውበቱን ዋሾ ያስባለው ፈሪ፣ ጢም የሚለምነው ሰውዬ እኔ መሆኔ ይታወቃል። ብርቱካንንም እዚያው አጣታለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሩን አየሁት። የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። አትፍረዱብኝ፣ ወይም ፍረዱብኝ።

እንደገና አስነጠሰች።

ተነሳሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«የኔታ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

«ማን? ሹፌሩ?»

«ሹፌር አይደለሁም። ልጁ ነኝ።»

«የቱ ልጅ?»

«ሽማግሌ የላከው።»

ጋሼ ውበቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ «አበስኩ ገበርኩ» አሉ።

መሪጌታ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ሆዱ የሚያጉረመርመው አንተ ነህ?»

«አዎ የኔታ።»

«ልቡ ቀጥ ይላል ብሎ የሚፈራው?»

«አዎ የኔታ።»

«ጢሙስ?» አሉና አገጬን አዩ። መልስ አልጠበቁም።

ስለ ኢሜይሉ አስረዳኋቸው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ጥርት አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። «ስልኩን ከማን ገዙት?» ብላቸው «ማርቆስ፣ ከጌች» አሉኝ። ግን አላመኑኝም። ሰው ልጅቷን ለማዳን ብሎ ኃጢአቷን ሊሸከም ይችላላ!

«እውነት ከሆነ አሁን ጻፍ፤ ይምጣና ልየው» አሉኝ።

ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እያዩኝ፣ ምን ይጻፋል? «የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጻፍኩና ሰርች አልኩ።

ኔትወርክ ጠፋ።

መጣ። ደግሞ ጠፋ። ሁላችንም የመሪጌታን ስልክ ከብበን ቆምን። «ተቀመጡ» ያልተባሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገዋል። በሕይወቴ እንዲህ የረዘመ ሎዲንግ አይቼ አላውቅም! ባይመጣስ? ብዬ ፈራሁ። ቢመጣስ? ብዬ ደግሞ ፈራሁ።

መጣ። አነበቡት፤ በዜማ።

«የኔታታታ… ይቅርታ ያድርጉልኝኝኝ…»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። «እንግዲያ እኔ የጻፍሁትም ወዳንተ ይመጣል?»

«አዎ የኔታ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። አገር የሚያከብራቸው ሰው እኔ ፊት አፍረው ሲቆሙ ማየት፣ እመኑኝ፣ ከራሴ ውርደት የበለጠ ከበደኝ።

መጋረጃው ተከፈተ።

ብርቱካን ወጣች! ሳትጠራ! አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሽማግሌ ፊት ልጅት አትወጣማ። እሷ ግን ደንታም አልሰጣት።

«አባባ፣ እርስዎ ስልክ ይጠይቃሉ» አለች። «አንተም ስልክ ትጠይቃለህ። እኔ እዚሁ ነበርሁ። እንዴት አንዳችሁ እንኳ እኔን አልጠየቃችሁኝም?»

መጀመሪያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ጠበሉን እሽ፣ አምላክ ያየዋል» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ግን ሽማግሌ መላክህን እኮ የሰማሁት ከእናቴ ነው።»

አስነጠሰችና ገባች።

እውነቷን ነው። ጓደኛዬን ጠይቄያለሁ። ጋሼ ውበቱን ጠይቄያለሁ። ሳጥኑንማ ተዉት። «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብዬ እሷን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊቴ ተቀምጣ! እሺታዋን ጌች ጭኖ የሰጠኝ ይመስል ዝም ብዬ ይዤው ስዞር ከረምኩ። የምትለኝን ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መሪጌታ ለሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «እንመካከርበት፤ ቀጠሮ እንሰጣችኋለን» አሏቸው። እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። ደጅ ድረስ ሲሸኙን ጋሼ ውበቱን ትከሻቸውን ይዘው «በሚቀጥለው ስትመጡ ግን ሹፌር ለውጡ» አሏቸው። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው መጥፎ? እኔ እንጃ! ጋሼ ውበቱ ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።

እዚህ መኪና ውስጥ ሆኜ ሴቲንግ ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰርች ኢንጂን የሚለውን ነካሁት፣ ምርጫው ተዘረዘረልኝ። ይሄን ያህል ምርጫ እያለ! ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። አንዱን መረጥኩ፣ ከጌችም ኢሜይል ወጣሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት፣ በዚያ ኢሜይል ውስጥ ሌላ ማን ማን አለ? ርእሰ መምህራችንም ከጌች ነው የገዛው! በሬው የሚያስለው ሰውዬ፣ ካለህ፣ ስለ ጢሙ ያየኸውን እዚያው ቅበረው። እኔም ስለ በሬህ ትንፍሽ አልልም። ከጌች የገዛችሁ ሁሉ ግን ዛሬውኑ ሴቲንግ ግቡ፤ ሽማግሌ ሳትልኩ!

የብርቱካን ቁጥር ስክሪኔ ላይ ተከፍቷል። ልጠይቃት ነው። በራሴ አፍ።

ቅድም ጣቴ በልማዱ ሳጥኑ ላይ ሄዶ «የተቆጣች ሴት እንዴት» ድረስ ጽፎ ያዝኩት። ደነገጥኩ፣ አጠፋሁት።

ግን ከምር፣ ምን ብዬ ልጀምርላት? ይቅርታውን ላስቀድም ወይስ ጥያቄውን? እባካችሁ ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ…

አያችሁልኝ? ይኸው ደግሞ እናንተን እየጠየቅኩ ነው!